የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገር

የእንግሊዝኛ ፈሊጣዊ አነጋገር፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ኢዲዮም፣ ትርጉሙ ከተሠራባቸው ቃላት ተደምሮ የማይገኝ፣ በተናጋሪዎቹ ልማድ የጸናና እንደ አንድ ቃል የሚያገለግል ሐረግ ነው። ለምሳሌ «ስፒል ዘ ቢንስ» ቃል በቃል ሲፈታ «ባቄላውን ደፋ» ይሆናል፤ እንግሊዞች ግን «ምስጢር አወጣ» ለማለት ይጠቀሙበታል። እነዚህ አነጋገሮች የሚበዙት ከመማሪያ መጽሐፍና ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይልቅ በጭውውት፣ በፊልም፣ በስፖርት ዘገባና በማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉንም ቃል እያወቀ ዓረፍተ ነገሩ ሳይገባው ሊቀር ይችላል።

የአንድን አነጋገር ትርጉም በሁለት ቋንቋ እኩል ማስቀመጥ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ በኢትዮጵያ ታሪክ ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ በደቡብ ወሎ፣ አምባሰል፣ ውጫሌ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ነው። እሱ የእንግሊዝኛ ጉዳይ ሳይሆን የአማርኛና የጣልያንኛ ነበር፤ ችግሩ ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ ከዚህ በታች በራሱ ክፍል ቀርቧል።

ስያሜና ምንነት

«ፈሊጥ» በአማርኛ በመጀመሪያ ዘዴ፣ ብልሃት ማለት ነው። «ፈሊጡን ያውቅበታል» ሲባል የሥራው ብልሃት ገብቶታል ለማለት ነው። «ኢዲዮም» ደግሞ «የራስ፣ የግል» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሁለቱ ስያሜዎች ከተለያየ አቅጣጫ ወደ አንድ ነገር ያመለክታሉ፦ ፈሊጥ የቋንቋው የግል ብልሃት ነው፣ ከውጭ ለሚመጣ ሰው በሰዋስው ሕግ ብቻ አይከፈትም።

ፈሊጣዊ አነጋገር ከምሳሌያዊ አነጋገር ይለያል። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ራሱን የቻለ ሙሉ ሐሳብ ነው፤ ምክር ወይም ፍርድ ይሰጣል። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ግን ፈሊጥ ነው፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ግስ ይገባል፣ «አለች»፣ «አሉ»፣ «ትላለህ» እየተባለ በባለቤትና በጊዜ ይለዋወጣል፣ ትርጉሙም «ችላ አለ» ነው። ከሰምና ወርቅም ይለያል። በሰምና ወርቅ ሁለቱን ትርጉም ሆን ብሎ የሚያዋቅር ባለቅኔ አለ፣ ሰሚውም ወርቁን ፈልጎ ያገኛል። ፈሊጥ ግን ባለቤት የለውም፤ የቋንቋው ተናጋሪዎች ሁሉ ወርቁን ብቻ ይሰማሉ፣ ሰሙን አብዛኛውን ጊዜ አያስተውሉትም።

ሌላው መለያ ቃላቱ በሌላ ቃል አለመተካታቸው ነው። «ኪክ ዘ በኬት» ቃል በቃል «ባልዲውን ረገጠ» ሲሆን ትርጉሙ «ሞተ» ነው። ባልዲው በሌላ የዕቃ ስም ከተተካ፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩ ወደ ተገብሮ ተቀይሮ «ባልዲው ተረገጠ» ከተባለ፣ የሞት ትርጉሙ ይጠፋና እውነተኛ ባልዲ ብቻ ይቀራል። በአማርኛም ያው ነው። «ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ» የሚለውን በስኳር ለውጦ ቢናገር ሰው ይስቃል እንጂ «ያለ እፍረት መጣ» የሚለውን አይረዳም።

ስሜት የሚቀመጥበት ቦታ

ከእንግሊዝኛና ከአማርኛ ፈሊጦች ብዙዎቹ ከሰውነት ክፍሎች የተሠሩ ናቸው፤ ለተርጓሚ ወጥመድ የሚሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ስሜትን የሚያስቀምጡት በተለያየ ቦታ ነው። አማርኛ ኀዘንንና ቅሬታን በሆድ ያኖራል፦ «ሆዴ ባባ»፣ «ሆደ ባሻ»፣ «ሆድ ባሰው»። ትዕግሥትም የሆድ ነው፤ ታጋሽ ሰው «ሆደ ሰፊ» ይባላል። ልብ ደግሞ በአማርኛ የማስተዋል ቦታ ነው፣ «ልብ በል» ማለት አስተውል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ኀዘኑም ፍቅሩም በብዛት የልብ ነው፤ «ብሮክን ሃርት» የተሰበረ ልብ ሲሆን በፍቅር ወይም በኀዘን መጎዳትን ያመለክታል። ልብን ከአእምሮ ጋር የሚያገናኝ አነጋገርም ግን አለው፤ «ለርን ባይ ሃርት» በልብ መማር ሲሆን ትርጉሙ በቃል መያዝ ነው።

በአንጀትና በሐሞት ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። እንግሊዝኛው «ሂ ሃዝ ጋትስ» ሲል፣ ቃል በቃል «አንጀት አለው» ማለት ነው፣ የሚያሞግሰው ድፍረትን ነው። በአማርኛ አንጀት የርኅራኄ ነው፤ «አንጀቴን በላው» ያለ ሰው አዝኖለታል እንጂ አልደፈረም። ድፍረትና ቆራጥነት በአማርኛ በሐሞት ይገለጻሉ፣ «ሐሞተ ኮስታራ» እንደሚባለው። እንግሊዝኛ ደግሞ ሐሞትን ለድፍረት ሳይሆን ለዓይን አውጣነት ይጠቀምበታል፦ «ሂ ሃድ ዘ ጎል» ማለት «እንዴት ዓይኑን በጨው ታጥቦ» እንደማለት ነው። ስለዚህ አንጀትን በአንጀት፣ ሐሞትን በሐሞት የተረጎመ ሰው ደፋሩን አዛኝ፣ ዓይን አውጣውን ጀግና አድርጎ ያቀርባል።

በብዛት የሚሰሙ አነጋገሮች

ስለ ጤናና ስለ ዕለት ኑሮ ከሚነገሩት አንዱ «አንደር ዘ ዌዘር» ነው፤ ቃሉ «ከአየሩ በታች» ቢሆንም ትርጉሙ ከባድ ያልሆነ ሕመም ነው፣ በአማርኛ «ተጫጭኖኛል» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። «ሂት ዘ ሳክ» ወይም «ሂት ዘ ሄይ»፣ ከረጢቱን ወይም ድርቆሹን መምታት፣ መተኛት ነው፤ አማርኛው «ጎኔን ላሳርፍ» ይላል። ድካምን ለመግለጽ «አይ አም ቢት» ይባላል፤ «ተመትቻለሁ» ማለት ሳይሆን «ዝያለሁ» ማለት ነው።

ስለ ገንዘብ «ኢት ኮስት አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ»፣ አንድ ክንድና አንድ እግር አስወጣ፣ ሲባል በጣም ተወደደ ማለት ነው። አማርኛው «ዋጋው እሳት ነው»፣ «አይቀመስም» ይላል። «ብሮክ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር «ተሰብሯል» ሳይሆን «ኪሱ ባዶ ነው» ማለት ነው።

ቀላል ሥራን «ኤ ፒስ ኦፍ ኬክ»፣ ቁራሽ ኬክ፣ ይሉታል። አስቸጋሪን ነገር ተቀብሎ መወጣት «ባይት ዘ ቡሌት»፣ ጥይት መንከስ፣ ነው። ይህኛው ከአማርኛው «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» ጋር በሐሳብም በሥዕልም ስለሚቀራረብ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም። በመጨረሻው ሰዓት ፈርቶ ከጀመሩት ነገር ማፈግፈግ «ጌት ኮልድ ፊት» ይባላል፤ እግር ቀዘቀዘ እንደማለት ነው፣ አማርኛ ግን «ወኔ ከዳው» ይላል። ከፈተና ወይም ከመድረክ በፊት የሚመጣው ፍርሃት በእንግሊዝኛ «በተርፍላይስ ኢን ዘ ስተመክ»፣ ሆድ ውስጥ ያሉ ቢራቢሮዎች፣ ነው። አንዳንዶች ይህን «ሆዴን ባር ባር አለኝ» እያሉ ይተረጉሙታል፤ ይሁን እንጂ የአማርኛው ወደ ናፍቆትና ወደ ብቸኝነት ስለሚያዘነብል ሁልጊዜ አይገጥምም።

ንግግርን የሚመለከቱት ብዙ ናቸው። ዋናውን ሳይናገሩ መዞር «ቢት አራውንድ ዘ ቡሽ»፣ ቁጥቋጦውን ዙሪያውን መምታት፣ ሲሆን አማርኛው «ዙሪያ ጥምጥም» ለዚህ የተሠራ ያህል ይስማማል። ምስጢርን በተመለከተ ከባቄላው ሌላ «ሌት ዘ ካት አውት ኦፍ ዘ ባግ»፣ ድመቷን ከከረጢት ማስወጣት፣ አለ፤ አማርኛው «ዘከዘከው»፣ «ዘረገፈው» ነው። መልካም ዕድል ለመመኘት በተለይ በተዋንያን ዘንድ «ብሬክ ኤ ሌግ»፣ እግር ስበር፣ ይባላል። ትርጉሙን የማያውቅ ሰው ይህ ቢባል መራገም ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ስለ ዝናብ በየመማሪያው የሚጠቀሰው «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»፣ ድመትና ውሻ እየዘነበ ነው፣ በአማርኛ «ዶፍ ጣለ» ነው። ነገር ግን ዛሬ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዕለታዊ ንግግር ውስጥ እምብዛም አይሰማም፤ ያረጀ ይመስላቸዋል። በፈሊጥ ዝርዝሮች ሁሉ አንደኛ ሆኖ የሚቀመጥ አነጋገር ሁልጊዜ ብዙ የሚነገረው አይደለም።

ከእነዚህ ሌላ እንግሊዝኛ አንድን ግስ ከትንንሽ መስተዋድዶች ጋር እያጣመረ አዲስ ትርጉም ይሰጣል። «ጊቭ» ሰጠ ነው፤ «ጊቭ አፕ» ተስፋ ቆረጠ ወይም ተወ። «ሉክ» አየ ነው፤ «ሉክ አፍተር» ተንከባከበ፣ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» በጉጉት ጠበቀ። «ፑት» አስቀመጠ ሲሆን «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ ታገሠ፣ ቻለ ማለት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ እነዚህ ከባልዲውና ከድመቷ ይልቅ አስፈላጊ ናቸው፣ ምክንያቱም ያለ እነሱ አምስት ደቂቃ እንኳ እንግሊዝኛ ማውራት አይቻልም።

የሚያታልሉ ተመሳሳዮች

በሁለቱም ቋንቋ አንድ ዓይነት ቃላት ይዘው የተለያየ ትርጉም የሚሰጡ ፈሊጦች ከማይታወቁት ይልቅ አደገኛ ናቸው፤ አንባቢው የገባው ስለሚመስለው መዝገበ ቃላት አይከፍትም። ዋናው ምሳሌ «ነጭ ውሸት» ነው። በአማርኛ «ይህ ነጭ ውሸት ነው» ሲባል ዓይን ያወጣ፣ ምንም ማስተባበያ የሌለው ውሸት ነው። የእንግሊዝኛው «ዋይት ላይ» ግን ቃል በቃል ያው ነጭ ውሸት ሆኖ ትርጉሙ ተቃራኒ ነው፦ የሰውን ስሜት ላለመጉዳት የሚነገር፣ ጉዳት የሌለው ትንሽ ውሸት። አንዲት እንግሊዛዊት «የነገርኩህ ዋይት ላይ ነበር» ብትል ይቅርታ የሚያሻው ቀላል ነገር መሆኑን መናገሯ ነው፤ በአማርኛ ቃል በቃል ሲቀርብ ግን ከባድ ኑዛዜ ይሆናል።

እግርን መጎተትም እንዲሁ ነው። «ፑል ሳምዋንስ ሌግ»፣ የሰው እግር መጎተት፣ በእንግሊዝኛ ማሾፍና መቀለድ ነው። በአማርኛ ግን «እግሩን እየጎተተ መጣ» የተባለ ሰው ዘገምተኛ ነው። ለዚህኛው እንግሊዝኛ ሌላ አነጋገር አለው፣ «ድራግ ዋንስ ፊት»፤ እሱም ሆን ብሎ ሥራን ማጓተት ነው። የሚጎተተው የራስ እግር ነው ወይስ የሌላ ሰው የሚለው ብቻ ነው ሁለቱን የሚለየው።

የሚነገሩበት ቦታ

የፈሊጥን ትርጉም ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ለማን እንደሚነገር ማወቅ ሌላ ነው። «ኪክ ዘ በኬት» የተባለው አነጋገር በፍራንሲስ ግሮዝ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1785 በለንደን የወጣው የተራ ሰዎች አነጋገር መዝገበ ቃላት ውስጥ «ሞተ» ተብሎ ተፈትቶ ይገኛል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቀልድ አዘል ነው። በአማርኛ «ድፍት አለ» እንደማለት ስለሆነ ለኀዘንተኛ አይነገርም። ለለቅሶ የሚገባው «ፓስ አዌይ» ነው፣ እሱም ከአማርኛው «አረፈ»፣ «አሸለበ» ጋር ይመሳሰላል። አማርኛ አክብሮትን በ«አንቺ»ና በ«እርስዎ»፣ በ«ሞተ»ና በ«አረፉ» ስለሚያሳይ ተናጋሪው ልዩነቱን ወዲያው ይሰማዋል። እንግሊዝኛ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለይበት ተውላጠ ስም ስለሌለው አክብሮቱና ድፍረቱ በቃላት ምርጫ ውስጥ ይደበቃል፤ ከተማሪ የሚያመልጠውም ይህ ነው።

ለሥራ ወይም ለትምህርት ዕድል በሚጻፍ ማመልከቻ የጭውውት ፈሊጥ መደርደር ቋንቋ አዋቂነትን አያሳይም። ሰምቶ መረዳት መቅደም አለበት፤ መናገሩ ቆይቶ ቢመጣ ጉዳት የለውም።

በእንግሊዞች ዘንድ ደግሞ ነገርን አሳንሶ የመናገር ልማድ አለ። «ኤ ቢት»፣ ትንሽ፣ ሲሉ አንዳንዴ «እጅግ» ለማለት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በኮሪያ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1951 በኢምጂን ወንዝ የሆነው ነው። የግሎስተርሻየር ክፍለ ጦር ወታደሮች በብዙ እጥፍ በሚበልጥ የቻይና ጦር ተከበው ሳለ የብሪታንያው ብርጋዴር ቶም ብሮዲ ለአሜሪካዊ አለቃው ሁኔታው «ኤ ቢት ስቲኪ» ነው ብሎ እንዳስታወቀ ይነገራል። ቃሉ «ትንሽ የሚያጣብቅ» ነው፤ ለእንግሊዝ መኮንን «ልናልቅ ነው» የሚል ነበር። አሜሪካዊው ግን ችግር ቢኖርም የሚቻል ነው ብሎ ተረዳው። ከጦሩ አብዛኞቹ ሞቱ ወይም ተማረኩ። ሁለቱም ሰዎች የተናገሩት እንግሊዝኛ ነበር።

የውጫሌ ውልና «ይቻላቸዋል»

ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ ከሐይቅ በስተሰሜን የምትገኝ የአምባሰል ከተማ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ፣ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት ወኪል ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ 20 አንቀጾች ያሉትን የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ከሞቱ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ውሉ በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ፤ በአንቀጽ 19 ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም እንደሚስማሙና እኩል ሥልጣን እንዳላቸው ተነገረ። ያልተስማሙት ከዚያ በሁለት አንቀጽ ከፍ ብሎ ነው።

አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስለሚኖራቸው ጉዳይ የኢጣልያን መንግሥት ስለ መጠቀም ይናገራል። የአማርኛው ጽሑፍ የሚያስረው ግስ «ይቻላቸዋል» ነው። ቢፈልጉ ይላላካሉ፣ ባይፈልጉ ይተዉታል ማለት ነው። የጣልያንኛው ግስ «ኮንሴንቴ» ነው፤ ይስማማሉ፣ ይፈቅዳሉ ማለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው በጣልያንኛውም ቢሆን «ይገባቸዋል» ወይም «ግዴታ አለባቸው» የሚል ቃል አለመኖሩ ነው። «ይስማማሉ» በተራ ንግግር ለስላሳ ቃል ነው። በውል ቋንቋ ግን አንድ መንግሥት በአንድ ነገር «ተስማማ» ተብሎ ሲጻፍ ከዚያ በኋላ ታስሯል ማለት ነው። በትሕትና ልብስ የቀረበ ግዴታ ነው፤ ይህን የሚያውቀው የቃሉን ፍቺ የያዘ ሳይሆን የዲፕሎማሲውን ፈሊጥ የለመደ ሰው ነው።

«ቻለ» የሚለው የአማርኛ ግስም ቀላል አይደለም። «ይችላል» አቅም አለው ነው፤ «ይቻላል» ተፈቅዷል ወይም ሊሆን ይችላል ነው፤ «ቻለው» ታገሠው ነው፤ «ሁሉን ቻይ» ደግሞ እግዚአብሔር ነው። እንዲህ ብዙ ፊት ያለው ቢሆንም በአንዱም «ግዴታ አለበት» የሚል ትርጉም አይወጣውም። ስለዚህ የአማርኛው አንባቢ አንቀጹን አንብቦ የሚያሰጋ ነገር አላየበትም።

የኢጣልያ መንግሥት በጣልያንኛው ጽሑፍ ተመርኩዞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1889 ለሌሎች ኃያላን መንግሥታት አስታወቀ፤ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር እንደሆነች ለማስቆጠር ነበር። ምኒልክ ስለ ዘውድ በዓላቸው ለአውሮፓ ነገሥታት ሲጽፉ ንግሥት ቪክቶሪያን ጨምሮ የመለሱላቸው መልሱ በኢጣልያ በኩል እንደሚሄድ የሚያሳስብ ነበር። በውጫሌ በአንድ ግስ ላይ የነበረው ልዩነት በዚህ መልኩ በደብዳቤ ወደ ቤተ መንግሥት ተመልሶ ገባ። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው የሁለቱ ቋንቋ ጽሑፎች እንደማይስማሙ፣ እሳቸው የተስማሙት በአማርኛው መሆኑን ገለጹ።

አንቶኔሊ ነገሩን ለማስተካከል ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1891 በአማርኛ የተጻፈ ስምምነት ፈረመ፤ አንቀጹ ባለበት እንደሚቆይ የሚናገር መስሎት ነበር። የአማርኛው ጽሑፍ በኋላ ሲመረመር ግን አንቀጽ 17 ተሰርዟል የሚል ሆኖ ተገኘ። አንቶኔሊ ተቆጥቶ ድርድሩን አቋርጦ ሄደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ አንድ ሰነድ ለሁለት አንባቢ ሁለት ነገር ተናገረ፤ በዚህኛው ጊዜ ያልጠበቀውን ጽሑፍ የፈረመው ኢጣልያዊው ነበር።

ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀጥሉበት አስታወቁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ተደረገ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌው ውል ተሻረ፣ ኢጣልያም የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት አወቀች። ለጦርነቱ ብቸኛው ምክንያት የግሱ ልዩነት ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። ኢጣልያ ከምጽዋ ወደ ደጋው የመስፋፋት ዕቅዷ ከውሉ በፊትም ነበረ፤ አንቀጽ 17 ለዚያ ዕቅድ ሕጋዊ ሽፋን ሆኖ አገለገለ። ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ወይስ በተርጓሚ ድካም የመጣ የሚለውም የታሪክ ጸሐፊዎችን አከራክሯል። ስቬን ሩቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣቸው ጥናቶች በኢጣልያ ወገን ላይ ጠንካራ ጥያቄ አነሣ፤ ኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ ደግሞ ተከራክሮታል።

ወደ አማርኛ የገቡ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች

ፈሊጥ አይተረጎምም ቢባልም ብዙዎቹ ቃል በቃል ተተርጉመው አማርኛ ውስጥ ተደላድለዋል። «ሚና ተጫወተ» የሚለው የዜና አማርኛ ከ«ፕሌይ ኤ ሮል» ጋር ቃል በቃል ይገጥማል፤ ሚና መጫወት በአማርኛ ሥዕል የማይሰጥ ቢሆንም ዛሬ ማንም አይገረምበትም። «ቀዝቃዛው ጦርነት»፣ «ጥቁር ገበያ»፣ «ቀይ መስመር»፣ «የአዞ እንባ»፣ «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» የሚሉትም በአውሮፓ ቋንቋዎች ባሉት መልክ የሚነገሩ ናቸው።

ከዚህ በተለየ የአማርኛ ስፖርት ጋዜጠኞች የሠሩት ሥራ ምስጋና ይገባዋል። የእንግሊዝኛውን «ክሊን ሺት»፣ ንጹሕ ወረቀት፣ ቃል በቃል ከማምጣት «መረቡን ሳያስደፍር ወጣ» አሉ። በሥዕሉ ከእንግሊዝኛው የተሻለ ነው፤ መደፈር የሚለው ቃል የክብርን ስሜት ስለያዘ ግብ ጠባቂውን እንደ አጥር ጠባቂ ያቆመዋል። «ሃትሪክ» የሚለውን ግን እንዳለ ወሰዱት። የትኛው እንደሚተረጎም፣ የትኛው እንደሚቀየር፣ የትኛው እንዳለ እንደሚገባ አስቀድሞ የተጻፈ ሕግ የለም።

መዝገበ ቃላትና የኮምፒውተር ትርጉም

በአማርኛ ፈሊጥ ላይ ከተሠሩት ሥራዎች የአምሳሉ አክሊሉና የዳኛቸው ወርቁ «የአማርኛ ፈሊጦች» ይታወቃል። አምሳሉ ከጂ. ፒ. ሞስባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1973 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። በዚያው ዓመት የወጣው የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አሠራር ለፈሊጥ ይበልጥ ይረዳል፤ ቃላቱን ብቻቸውን ሳይሆን በዓረፍተ ነገር አስገብቶ ስለሚተረጉም አንድ የእንግሊዝኛ ግስ በየአገባቡ ስንት የአማርኛ ግስ እንደሚፈልግ ያሳያል።

ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ነው። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ሰዋስው ተጽፎ አይሰጣቸውም፤ በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ብዙ ዓረፍተ ነገሮች የትኛው ሐረግ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ራሳቸው ይማራሉ። ለአማርኛ የሚገኘው እንዲህ ያለ ጥንድ ጽሑፍ ጥቂት ሲሆን በአብዛኛው መንፈሳዊ ጽሑፍና ዜና ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «ኤ ፒስ ኦፍ ኬክ» አይገኝም። ስለዚህ መሣሪያው የጭውውት ፈሊጥ ሲያጋጥመው ወደ ቃላቱ ይመለስና ቁራሽ ኬክ ያቀርባል። ስሕተቱ ግልጽ ሲሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ አንባቢው ኬክ ሲያይ አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። የሚከፋው «ዋይት ላይ» «ነጭ ውሸት» ሆኖ ሲወጣ ነው፤ አማርኛው የተስተካከለ ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ጽሑፍ የሚያርም ሰው ለማይገባው ዓረፍተ ነገር ብቻ ሳይሆን ያለ ችግር ለሚነበበውም ዋናውን ጽሑፍ አብሮ መክፈት ያስፈልገዋል።